ሰርቪስ ማለት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኬን ተቀብላ ስትነካካ ቆየችና፣ «እማ፣ የድሮ የክፍል ጓደኞችሽ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተው አስገብተውሻል» አለችኝ። «ጓደኞችሽ» ያለችውን ላርማት ፈልጌ ተውኩት። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። የሸበቱ ወንዶች፣ ፊታቸውን በስልክ ያለሰለሱ ሴቶች። ሁለት ሦስቱን ብቻ በዓይናቸው አወቅኳቸው። ከሥር አንደኛው «ሰርቪስ! አለሽ እንዴ?» ብሎ ጽፏል። ቀጥሎ እንባቸው እስኪፈስ የሚስቁ ቢጫ ፊቶች ተደርድረዋል።

«ሰርቪስ ማን ናት?» አለች ልጄ።

«ማንም» አልኳት። ስልኩን አስቀምጬ ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ።

ቆይቼ ስከፍተው ሶስና ጽፋ አገኘሁ። ሶስና ማን እንደሆነች በቦታው እናገራለሁ። «ወይ ልጅነት! ሰርቪስ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ያሳቀችን አይረሳኝም። እስካሁን ለልጆቼ አወራዋለሁ» ይላል። ሌሎቹም «እውነት ነው!»፣ «እኔም!» እያሉ ተቀባብለዋታል።

እኔ ስለ ራሴ የማወራ ሰው አይደለሁም። የሚያውቁኝ ይህን ያውቃሉ፤ የማያውቁኝ እንዲያውቁኝም አልፈለግሁም። ግን የታሪኬን ግማሽ ቆርሰው ለልጆቻቸው ሲያጎርሱ ከኖሩ፣ የቀረውን ግማሽ የምጽፈው እኔ ነኝ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላፍቶ ገና ግማሽ ከተማ፣ ግማሽ ገጠር ነበር። ቪላዎቹ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብለዋል፤ በመካከላቸው የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ የገበሬዎቹ ሚስቶች የሽምብራ እሸት በሸክም ያመጡ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ እየፈለፈልን እንበላለን፤ ጣታችን ላይ ጨው ጨው የሚል፣ ኮምጠጥ ያለ ነገር ይቀራል። ያን ጣት መላስ ከእሸቱ ይልቅ ይጣፍጠኝ ነበር። ክረምት ሲሆን ደግሞ ያው መንገድ ጭቃ ይሆንና ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንሄድ ነበር። እዚያ ሰፈር በመኪና የሚመላለሱና በእግር የሚመላለሱ ሰዎች ነበሩ። እኔ በእግር ከሚመላለሱት ነኝ።

እናቴ አስካለ ትባላለች። እኔን በጀርባዋ አዝላ ከመንዝ መጥታ፣ ከብዙ መንከራተት በኋላ በአንድ ቪላ ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆና ተቀጠረች። የቪላዋን ባለቤት እናቴ «እትዬ ጥሩነሽ» ትላት ነበር፤ እኔም «እትዬ» እያልኩ ስለለመድኩ በዚሁ ልቀጥል። ያኔ አንቱ ነበር የምላት። እዚህ ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ።

ቪላው በድንጋይ የተሠራ፣ ሰፋፊ መስኮቶች ያሉት ነው። ከጀርባው በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ረድፍ አለ፤ መጀመሪያ ማድቤቱ፣ ቀጥሎ የከሰልና የእንጨት ማስቀመጫው፣ ከጥጉ ደግሞ የእኛ ክፍል። የማድቤቱ ጭስ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ አልጋችንንም፣ ደብተሬንም፣ ፀጉሬንም ቁሌት ቁሌት እንዲሸት ያደርገው ነበር። ያ ረድፍ በሙሉ ሰርቪስ ይባላል።

እኔ ቃሉን አማርኛ ነው ብዬ ነበር የማውቀው። በር፣ መስኮት፣ ጣራ፣ ሰርቪስ። እናቴም እንደዚያው። እግሯ አብጦ ከገበያ ስትመለስ፣ «እስቲ ሰርቪሳችን ገብቼ ጋደም ልበል» ትል ነበር። በእሷ አፍ ቃሉ የሚያሳፍር ነገር አልነበረበትም። በር ያለው፣ ቁልፉም በእሷ ቀሚስ ኪስ የሚያድር ቤት ማለት ነበር። ከዚያ በፊት የማንም ቁልፍ ኪሷ ገብቶ አያውቅም።

የእኔ ስም የሺእመቤት ነው። እናቴ ናት ያወጣችልኝ። እትዬ ስሜን መጀመሪያ የሰማች ቀን ከት ብላ ሳቀችና፣ «በአንድ ግቢ ሁለት እመቤት እንዴት ይሆናል?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሺ ሆንኩ። ለቀልድ ነበር። ቀልዱ የስሜን ትልቁን ክፍል ይዞት ሄደ።

ሶስና የእትዬ ልጅ ናት። እኩያዬ ነበረች፤ አሥረኛ ክፍልም አብረን ነበርን። ጠዋት ጠዋት በአባቷ መኪና አቧራውን እያስነሳች ታልፈኛለች፤ ክፍል ውስጥ ግን እንነጋገር ነበር። የት እንደምኖር የሚጠይቀኝ ሲኖር «እነ ሶስና ግቢ ነው፤ ዘመዳሞች ነን» እላለሁ። ሶስና ይህን እየሰማች ዝም ትለኝ ነበር። ደግ ስለሆነች እንዳይመስላችሁ፤ የሂሳብ የቤት ሥራዋን የምሠራላት እኔ ነበርኩ።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ቲቸር ፍሥሐ ነበር። ሱፉን በየቀኑ የሚያስተኩስ፣ ጠመኔ እንዳይነካው በሁለት ጣቱ ጫፍ የሚይዝ ሰው ነው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፈና፣ ማን ትርጉሙን እንደሚነግረው ጠየቀ። ፊደል በፊደል አነበብኩት። ሰርቪስ! የእኛን ቃል እንግሊዞችም ያውቁታል ማለት ነው? በዚያ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ልጅ ያን ቀን አወጣሁ።

«ሰርቪስ ኢዝ ኤ ስሞል ሀውስ፣ ቢሃይንድ ዘ ቢግ ሀውስ» አልኩ። ከትልቁ ቤት ጀርባ ያለች ትንሽ ቤት ማለቴ ነው።

ሶስና ከፊት ወንበር ዞር ብላ አየችኝ። ቀጥላ ወደ መምህሩ ዞረች። «ቲቸር፣ አድራሻዋን እኮ ነው የነገረችን!»

የክፍሉ ሳቅ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ልጆች ናቸውና እሱን እሺ ልበል። ቲቸር ፍሥሐም ሳቀ። ያንን ግን እሺ አልልም። ሳቁን ሊደብቅ አፉን ሲይዝ ጠመኔው ጺሙ ላይ ነጭ ምልክት ተወ፤ እሱን ብቻ እያየሁ ነበር እንዳላለቅስ። «ስህተት ነው፤ ቁጭ በይ» አለኝ። ቀጥሎም ለክፍሉ፣ «ቃል ከመዝገበ ቃላት ነው የሚመጣው እንጂ ከጓሮ አይመጣም» አለ። ሌላ ሳቅ።

ከዚያ በኋላ ስም ወጣልኝ። በር ላይ ስደርስ «ሰርቪስ ገባች!» ይላሉ። በእረፍት ሰዓት «ሰርቪስ፣ ሻይ በቶሎ!» የሚለኝ አለ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ደግሞ አንዱ የመሥሪያ ቤት አውቶቡስ እንደሚያስቆም ሰው እጁን እያወናጨፈ፣ «ሰርቪስ፣ ቁሚ እንጂ ልሳፈር!» ይለኛል። «ዘመዳሞች ነን» ያልኩት ውሸትም አብሮ ተጋለጠ። የሺ ብሎ እንኳ የሚጠራኝ ጠፋ። የሂሳብ የቤት ሥራ ግን ሶስና ማምጣቷን አልተወችም ነበር። አልሠራም አልኳት። «ተይው፣ የምትሠራ አላጣም» አለችኝ።

በትምህርት ቤታችን ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ «የሳምንቱ ቃል» የሚባል ዝግጅት ነበር። አንድ ተማሪ ሰልፉ ፊት ወጥቶ የአንድን እንግሊዝኛ ቃል ትርጉም፣ ምንጭና አጠቃቀም ይናገራል። ቃሉን የሚመርጠው ተማሪው ነው። የእኔ ተራ ከጥምቀት በኋላ ደረሰ።

«ቃልሽ ምንድነው?» አለኝ ቲቸር ፍሥሐ፣ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም እየሰማ።

«ሰርቪስ።»

እንደገና ተሳቀ። እሱ ግን ያን ጊዜ አልሳቀም። «ሌላ ምረጪ።»

«ምረጡ ብለውናል፤ መረጥኩ።»

«ከጓሮ እንዳይሆን!»

«ከመዝገበ ቃላት ነው የማመጣው» አልኩት።

አመጣሁም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነበር። ለሌላው ቃል ሁለት ሦስት መስመር የሚሰጠው መጽሐፍ ለሰርቪስ ግማሽ ገጽ ሰጥቶታል። ሰው ለሰው የሚሠራው ሥራ ሰርቪስ ነው። ወታደርነት ሰርቪስ ነው። መኪና ዘይቱን ሲቀይር፣ የሻይ ሲኒና ማንቆርቆሪያ ሙሉው ስብስብ፣ በሜዳ ቴኒስ ጨዋታውን የሚከፍተው የመጀመሪያ ምት፣ ሁሉም ሰርቪስ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚደረግ ጸሎትም ሰርቪስ ነው። ከትልቁ ቤት ጀርባ ያለች ትንሽ ቤት ግን የለችም። ደጋግሜ ፈለግኋት፤ የለችም።

ከታች በደቃቅ ፊደል የቃሉ ምንጭ ተጽፏል። እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ ወሰደው፣ ፈረንሳይኛ ከላቲን። በላቲን ሥሩ «ባሪያ» ማለት ነው።

ሶስና ይህን ብታውቅ ምን ብላ እንደምትጠራኝ አሰብኩ። መጽሐፉን ከድኜ ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ግን አንድ ነገር ያዘኝና ተመለስኩ፤ ያንኑ ግማሽ ገጽ ከላይ ጀምሬ እንደገና አነበብኩ። ይህ ቃል ከባሪያ ቤት ተነሥቶ፣ አገር አቋርጦ፣ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። ወታደር ሆኗል። ጨዋታ ይከፍታል። ማንም የተወለደበትን ቤት እያነሳ ቁጭ በል አላለውም። ቃል ይህን ከቻለ፣ እኔ በምን አንሳለሁ?

ሶስና የመረጥኩትን ቃል ለእናቷ ሳትነግር አላደረችም። እትዬ ወደ ሰርቪስ የመምጣት ልማድ አልነበራትም፤ ከቪላው የጓሮ በር ቆማ ትጣራለች እንጂ። ያን ቅዳሜ ከሰዓት ግን መጣች። እናቴ በራችን ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እትዬ ደፉን ሳትሻገር ቆመች።

«አስካለ፣ ልጅሽ ግቢዬን በማይክራፎን ልታወጣው ነው አሉ።»

«ምን አደረገች፣ እትዬ?»

«እሷን ጠይቂያት! ሰርቪስ ምንድነው እያለች ለሕዝብ ልታስተምር ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «የሺ፣ ምን ጎደለብሽ? በላሽ፣ ጠጣሽ፣ ተማርሽ። ያስቀመጥኩሽ ሰርቪስ ካሳፈረሽ ቁልፉን መልሱና የማያሳፍራችሁን ፈልጉ።»

«አላሳፈረኝም» አልኳት።

«እንግዲያው ዝም በያ!»

ስትሄድ ነጠላ ጫማዋ ጓሮውን አቋርጦ ደረጃው ላይ እስኪወጣ ሰማነው። እናቴ ሰፌዱን ከጭኗ አላወረደችም።

«ሌላ ቃል ጠፍቶ ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ። «እንግሊዝኛ እንደሆነ ቃል አያልቅበት። ‹ዛፍ› በይ። ‹ውኃ› በይ። ማን ይከለክልሻል?»

«ዛፍ ብለው አልሰደቡኝም፣ እማ።»

«ይስደቡሻ! ስለሰደቡሽ ጣራው አይወርድብሽ። እኔን ስንት ነገር ብለውኛል፤ ይኸው አለሁ።»

«አንቺ ያወጣሽልኝ ስም ማን ነው?»

ከምስሩ ውስጥ ጠጠር አንስታ ወደ ጓሮው ወረወረች። «ያን ስም ያወጣሁልሽ ቤት ሳይኖረኝ ነው» አለች በመጨረሻ። «አሁን ቤት አለኝ። የሺእመቤት፣ እንዳታሳጪኝ።»

ሙሉ ስሜን ጠርታ ስትለምነኝ ከባድ ነበር። ቃል አልገባሁላትም። እምቢም አላልኳት።

ሰኞ ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። እናቴ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ የቪላውን ቁርስ አዘጋጅታለች፤ የፍርፍሩና የቅቤው ሽታ እስከ አጥሩ ይከተላል። እኔ ዳቦዬን በሻይ በልቼ ወጣሁ። «እስቲ አስቢበት» ብቻ ነው ያለችኝ። መንገዱን በሙሉ አሰብኩበት። ሽምብራው ታጭዶ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል፤ ከለቡ የሚመጡ አህዮች የጭድ ሸክማቸው እያዘመማቸው ያልፋሉ። «ዛፍ» የሚለው ቃልም ተዘጋጅቶልኛል፤ ትርጉሙንም ምንጩንም አጥንቼ ነበር። ሰልፉ ፊት ቆሜ ማይክራፎኑን እስክቀበል ድረስ የትኛውን እንደምል አላወቅሁም። እውነቱን ለመናገር የወሰነልኝ አንድ ልጅ ነው። ከኋላ ረድፍ «ሰርቪስ፣ ድምፅሽን ከፍ!» ብሎ ጮኸ።

ከፍ አደረግሁት።

ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ተናገርኩ፤ ምንጩንም። ባሪያ የሚለውን አላስቀረሁም። ቃሉ ከባሪያ ቤት ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ተናገርኩ። ቲቸር ፍሥሐ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ራሱን ይነቀንቃል፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነበር። አጠቃቀሙ ላይ ስደርስ ግን እንግሊዝኛውን ተውኩት።

«ይህ ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ የሌለ አንድ ትርጉም አለው» አልኩ በአማርኛ። «ከትልቁ ቤት ጀርባ ያለች ትንሽ ቤት ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ስህተት ነው ተብያለሁ። ስህተት ከሆነ ለምን ሳቃችሁ? ትርጉሙን ባታውቁት ኖሮ አትስቁም ነበር። አሥረኛ ክፍል በሙሉ ያውቀዋል። ቲቸርም ያውቀዋል፤ ስቋል።»

ሰልፉ ውስጥ መንሾካሾክ ተነሣ። ቲቸር ፍሥሐ ወደ እኔ መራመድ ጀመረ። አጠቃቀሙ በምሳሌ ዓረፍተ ነገር መደገፍ ነበረበት፤ ሕጉ ነው። ስለዚህ ደገፍኩት።

«ምሳሌ» አልኩ። «ሶስና ዛሬ ጠዋት የበላችው ፍርፍር የመጣው ከሰርቪስ ነው።»

እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። መሐል ሰልፍ የቆመ አንድ ረጅም ልጅ፣ በአጎቱ ግቢ ሰርቪስ ውስጥ እንደሚኖር ኋላ የሰማሁት፣ ብቻውን ያጨበጭብ ነበር። ሶስና አልሳቀችም። ቲቸር ፍሥሐ ማይክራፎኑን ከእጄ ነጠቀና፣ «ይሄ የሳምንቱ ቃል ነው እንጂ የሳምንቱ ስድብ አይደለም!» አለ፤ ማይክራፎኑን መዝጋት ስለረሳ እሱንም ሁሉም ሰማው። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ጠጠር ላይ ተንበርክኬ አሳለፍኩ። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ አሁንም አለ። በዚያ ዘመን ከተቀበልኳቸው ነገሮች ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት ስደርስ ሶስና በመኪና ቀድማኝ ገብታ ለእናቷ ነግራለች፤ አልጋችን ጓሮው ላይ ወጥቶ ነበር። እትዬ ከቪላው መስኮት መጋረጃውን ይዛ ታያለች። እናቴ ዕቃዋን እየሰበሰበች ቀና ብላ አላየችኝም። ቁልፉን ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ ማድቤቱ መስኮት ላይ አኖረችው፤ ብረቱ የመስኮቱን እንጨት ሲነካ የወጣው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ነው። አልጋውን፣ ሁለት ድስትና አንድ ሳጥን በአህያ ጋሪ ጭነን ወደ ለቡ ወረድን። እዚያ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት ገበሬ፣ የእናቴ የቅቤ ደንበኛ፣ ከከብቶቻቸው በረት አጠገብ ባዶ ክፍል ነበራቸው። «ግቡ፤ የሚሆነውን ቆይተን እንነጋገራለን» አሉን።

እናቴ ክፍሉን ጠርጋ፣ አልጋውን ከጥግ አስጠግታ፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ከፊታችን ማሳ ብቻ ነው። ከፊታችን ትልቅ ቤት የለም።

«የዚህስ ስሙ ምንድነው?» አለችኝ በምሬት።

«ቤት ነው፣ እማ።»

«ዝም ብሎ ቤት?»

«ዝም ብሎ ቤት።»

ይቅር አለችኝ ብዬ አልዋሽም። ለግንበኞች ምግብ እየሠራች፣ ከበፊቱ የባሰ እየደከመች፣ «አንቺ ተናገርሽ፣ እኔ ተሸከምኩት» ስትለኝ ብዙ ከረመች። እውነቷን ነው። ግን ተሳስቻለሁ ብዬም አላውቅም። እሷም እንድል አልጠየቀችኝም። ብዙ ዓመት አልፎ፣ እኔ ሥራ ይዤ ለቡ ውስጥ የራሳችን ጣራ ሥር ስንገባ፣ አንድ ቀን እንደ ዋዛ፣ «እስቲ ያን ቀን ያልሽውን ንገሪኝ። ከሰው ነው እንጂ የሰማሁት ካንቺ አፍ አልሰማሁትም» አለችኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ፍርፍሩ ጋ ስደርስ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ያን ቀንማ» አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ «ቅቤውን አብዝቼበት ነበር።»

እናቴ ካረፈች ቆይቷል። ስለ ሰርቪስ ሳስብ አሁን የሚገርመኝ ቃሉ አይደለም። ቃል ምን ያድርግ፣ እንዳፈሱት ይፈሳል። ዛሬም ከተማው በሙሉ ይጠራዋል፤ ማንም ክፉ አያስብበትም፤ እኔም አልከለክልም። የሚገርመኝ ሰው ትዝታውን የት ላይ እንደሚቆርጠው ነው። እነሱ ክፍል ውስጥ ሲሳቅ ቆርጠውታል። ሰኞውን አያውቁትም፣ ጋሪውን አያውቁትም። እንዲያውም አንድ ያስቀሩት ነገር አለ። ከዚያ ሰኞ በኋላ ስም የወጣልኝ እኔ ብቻ አልነበርኩም። ለሶስናም ወጣላት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክንጨርስም ተከተላት። ግሩፑ ውስጥ ማንም አላነሳውም።

ትናንት ስልኩን ከፈትኩ። «ሰርቪስ! አለሽ እንዴ?» የሚለው አሁንም መልስ ይጠብቃል። ጣቴ ለፊደሉ ቀርፋፋ ነው፤ ግን ማንንም ሳላስቸግር ራሴ ጻፍኩት።

«አለሁ። ፍርፍርስ እንዴት ናት?»

ልጄ ከትከሻዬ በላይ አንብባው ኖሯል። «ፍርፍር ደግሞ ማን ናት?» አለችኝ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ነይ ተቀመጪ» አልኳት።